የእሷ ኬዝ፣ የእኔ ማርክ

ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው የሌላውን ሕመም ይረዳል ይባላል። አይረዳም። ናይሮቢ ውስጥ አራት ዓመት እንግሊዝኛና የፈጠራ ድርሰት አጥንቻለሁ፤ በጥሩ ውጤትም ተመርቄያለሁ። በአራቱ ዓመት ያወቅኩት ማዳመጥን ሳይሆን፣ ሰው ከሚያወራው ውስጥ ለእኔ የሚሆነውን መለየትን ነው። ሥጋ ቤት የሚሠራ ሰው በሬ ሲያይ እንዲሁ ነው የሚያየው። ልዩነቱ፣ ሥጋ ሻጩ ለበሬው ስላለው ርኅራኄ መድረክ ላይ ወጥቶ አይናገርም።

መቃረን እንደምወድ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ይህን የምለው ግን ለመቃረን ያህል አይደለም። አንዲት ሴት ስላለች ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። ኢምባካሲ ውስጥ ከአንድ አገሬ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የጭነት መጋዘን ይሠራል፤ እኔ እማራለሁ። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ወሬያችንን እናቋርጥና ሲርቅ ካቆምንበት ቃል እንቀጥላለን። አባቴ እንግሊዝኛ ልማር መሆኑን ስነግረው፣ «እንግሊዝኛ ትችል የለም እንዴ? የምትችለውን ልትማር ነው ባሕር የምትሻገረው?» ብሎኝ ነበር። ባሕር እንደሌለ ነገርኩት። የጥያቄውን ዋና ክፍል ግን ሳልመልስ ቀረሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ከሞቱ ብዙ ዘመን ስለሆናቸው እንግሊዛውያን በረዶና ሐዘን አነበብን። ክፍሉ ውስጥ በረዶ በዓይኑ ያየ ተማሪ አልነበረም፤ ሆኖም ሁላችንም ስለ በረዶ በልበ ሙሉነት ጻፍን፣ አለፍን። ሁለተኛው ዓመት ላይ የፈጠራ ድርሰት ተጀመረ። በየሳምንቱ አንዳችን የጻፍነውን እናነባለን፤ ሌሎቻችን ክብ ሠርተን ተቀምጠን እንተቻለን። አስተማሪያችን ውጭ አገር ረጅም ዘመን ኖሮ የተመለሰ ኬንያዊ ነው። ፀሐዩ እየጠበሰን እሱ ሹራቡን አያወልቅም ነበር። ከአንደበቱ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «ቤቱ ምን ምን ይሸታል?»

የክፍል ጓደኞቼ ይቀኑብኝ ነበር። አንዱ፣ አባቱ የሻይ ቅጠል እርሻ ያለው ልጅ፣ ስቴጅ፣ ማለትም ፌርማታ ላይ፣ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስንጠብቅ እንዲህ አለኝ።

«አንተማ ታድለሃል።»

«በምን?»

«አገራችሁ ችግር ሞልቶታል። ቁጭ ብለህ መገልበጥ ነው። የእኔ አባት ሻይ ቅጠል ነው የሚያመርተው። ለሻይ ቅጠል ማን ያለቅሳል?»

ያላወቀው ነገር፣ እኔም ችግር አልነበረኝም። በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፤ የተማሪ ፓስ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ አጎቴ ይከፍልልኛል። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ መከራ የማትሪክ ውጤት መጠበቅ ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ክፍሉ ውስጥ ዝም ስል መከራዬ ከብዶኝ ይመስላቸው ስለነበር ዝም ማለቱን አዘወተርኩ።

ናይሮቢ ላሉት ሐበሾች ደግሞ እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አይደለም። ራፖር ጻፊ ነው። አገር ቤት ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ጉልበታቸው ላይ ሰሌዳ አስደግፈው የሰው አቤቱታ የሚጽፉትን ሽማግሌዎች ታውቋቸዋላችሁ። እኔ ጃንጥላ የሌለኝ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ለባለሱቁ ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ፣ ለፓስተሩ ለውጭ ለጋሾች ሪፖርት፣ ለስደተኛው ለስደተኞች ቢሮ የሚቀርብ ቃል እጽፋለሁ። ክፍያዬ ምሳ ነው። ሁርሊንግሃም በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓሮ፣ የምሳ ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ከፕላስቲክ ወንበሮቹ አንዱ የእኔ ቢሮ ነበር።

ሴትየዋ የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ነበረች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ያኔ እትዬና እርስዎ እላት ነበር፤ ዛሬ ዕድሜዬ የያኔውን ዕድሜዋን ስላለፈ እሷ ብዬ ብጽፍ የምትቀየመኝ አይመስለኝም። እኔን የምትጠራኝ ደራሲው እያለች ነው። ከፌዝም ከፍቅርም ነበረበት።

«ደራሲው፣ መጣህ? ዛሬስ ምን አስተማሩህ?»

«ስለ ዝምታ እትዬ። በታሪክ ውስጥ ዝምታ እንዴት እንደሚጻፍ።»

«ዝምታ ተከፍሎበት ይማራሉ? እኛ ቤት በነፃ ነበር።»

አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ነበረቻት። ከትምህርት ቤት በኩሽናው በር ትገባና አንዱን ዐረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ ተናግራ ትወጣለች፤ «እማ፣ ቱሽን አለኝ፣ ባዳዬ እመጣለሁ፣ ኦኬ?» ማስጠናት አለኝ፣ በኋላ እመጣለሁ ማለቷ ነው። ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ ነበር። እናትየዋ የምትኖረው ለዚህች ልጅ ነው። ስድስት ዓመት ናይሮቢ ተቀምጣ የስደተኝነት ጉዳይዋ ገና አልታየም። ጉዳይዋን ከተቀበሉላት ሦስተኛ አገር ይሄዳሉ፤ ልጅቷም ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ካልተቀበሉላት፣ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ኩሽና ትገባለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ኢንተርቪው ሊጠሩኝ ነው፤ ቃሌን ጻፍልኝ» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ኬዝ ይሸጥ ነበር። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ፣ ስሙ ብቻ የሚቀየር የመከራ ታሪክ ማለት ነው። ከአንድ እስር ቤት በአንድ መስኮት ዘለው ያመለጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እሷም ቀርቦላት ነበር።

«ይሄኛው ያስኬዳል፣ ግዢ አሉኝ» አለች። «እኔ የራሴ አለኝ አልኳቸው። የራሱ ያለው ሰው ምን ሊያደርግ ይገዛል?»

«ልጅዎ ለምን አትጽፍልዎትም? እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል» አልኳት።

«ለዚያ ነው ላንተ የምሰጥህ። አባቷን እንዴት እንደወሰዱት አታውቅም። በራሷ እጅ እየጻፈች እንድታውቀው አልፈልግም።»

ከዚያ ነገረችኝ። ሽንኩርት መላጡን አላቋረጠችም።

«ከሰዓት ነው። ሦስት ሆነው መጡ። እሱ የተማሪዎቹን ፈተና ያርም ነበር። ተነስ አሉት። ተነሳ። ጫማውን አደረገ። ኮቱን አቀበልኩት። ይዘውት ወጡ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መኪና ውስጥ አስገቡት። ሄዱ።»

«ምን አለዎት?»

«ምንም።»

«ሲወጣ አላየዎትም?»

«አላየኝም። ዞር አላለም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።» አንዱን ሽንኩርት አገላብጣ አየችው። «ጻፍከው?»

ቀሪውም እንዲሁ በአጭሩ ነበር። ወራት ሙሉ ከጣቢያ ጣቢያ ተንከራተተች። አንድ ቀን አትምጪ አሏት። ቀጥሎ ስለ እሷ ሰው መጥቶ ጎረቤት ጠየቀ። ልጇን ይዛ በሞያሌ ወጣች። እኔ እንደነገረችኝ ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ፍሎፒ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረኝ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ተሰጠን። እናንተ ያልሆነ ሰው ሆናችሁ፣ «እኔ» ብላችሁ ጻፉ። የሻይ ቅጠሉ ልጅ የአንድ ዝሆን አዳኝን «እኔ» ጻፈ። እኔ ፍሎፒዬን አወጣሁ። ስሟን ሰረዝኩ፣ ከተማውን ቀየርኩ፣ አስገባሁት። ሲመለስልኝ ጠርዙ ላይ በቀይ እንዲህ ይላል፤ «ይህ የፖሊስ ሪፖርት ነው። ቤቱ ምን ምን ይሸታል? ሰውየው ለምን አይሰናበታትም? አንባቢህን እንዲህ ባዶ እጁን አትስደደው።»

እውነት ነው አልኩ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሠራሁት። ምድጃው ላይ ቀይ ሽንኩርት አስቀመጥኩና እንዲያር አደረግኩት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ አዘነብኩ። ሰውየው ደግሞ የግቢው በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ዝናቡ ግን ድምፁን ወሰደው። ይህን መስመር ስጽፍ የራሴ እንባ መጣ። በራሱ ጽሑፍ የሚያለቅስ ሰው አደገኛ ሰው ነው፤ ያኔ ግን ተሰጥዖ መሰለኝ።

ከክፍሉ ከፍተኛውን ማርክ አገኘሁ። አስተማሪያችን ኪሌሌሽዋ ባለው አፓርታማው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ አቅርቦ ጥሩ የተባሉትን ያስነብብ ነበር፤ ተጠራሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ አነበብኩ። ሰውየው ዞር ያለበት ቦታ ላይ አንዲት እንግዳ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ሲያልቅ አስተማሪያችን ወደ ሌሎቹ ዞሮ «አያችሁ? አሁን ሰው ሆነ» አለ። ሰው ሆነ ያለው ስለ ታሪኩ ባል ነበር። ዓይኗን የጠረገችው እንግዳ ቀርባ እውነተኛ ታሪክ መሆኑን ጠየቀችኝ።

«እውነት ነው» አልኳት። «አንድ የማውቃት ሴት ላይ የደረሰ ነው።»

እያወቅኩ የተናገርኩት ውሸት ይመስላችሁ ይሆናል። የከፋው፣ በዚያች ቅጽበት እንዲህ የሆነ መስሎኝ መናገሬ ነው። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ባልየውን ሲዞር ብዙ ጊዜ ስላየሁት፣ ያልዞረውን ረስቼዋለሁ።

የኢንተርቪውዋ ቀን ቀረበ። የጻፍኩትን አንድ ገጽ ተኩል ሳይበር በሚሉት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ከፈትኩትና አነበብኩት። ደረቀብኝ። ቢሮው ውስጥ ያለችው ሠራተኛ በቀን ስንት እንዲህ ያለ ታነባለች አልኩ። ኬዝ የገዙት ሰዎች ታሪክ እንኳ ከዚህ ይሞቃል። እውነቱ ከውሸቱ ሊያንስ ነው አልኩ። ኪሌሌሽዋ ያስለቀሰው ታሪክ እዚያው ፍሎፒ ላይ ነበር። ስሟን መለስኩበት፣ ከተማውን መለስኩበት፣ አሳጠርኩት፣ አተምኩት። ሽንኩርቱ አለ። ዝናቡ አለ። ዞር ማለቱም አለ።

ጓሮው ላይ ወረቀቱን ሰጠኋት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«አሳመርከው?»

«በደንብ እትዬ።»

«ታነብልኛለህ?»

አገር ቤት ያሉት ራፖር ጻፊዎች ከእኔ የሚበልጡበትን አሁን ልናገር። ሽማግሌው ጽፎ ሲጨርስ መነጽሩን ያስተካክልና ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነባል። ባለጉዳዩ ተንበርክኮም ቢሆን ይሰማል። «ልክ ነው?» ይለዋል። ልክ ነው ካላለ አሻራ አይደረግም። ሥነ ጽሑፍ አልተማረም፤ ግን ወረቀቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። እኔ አራት ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ ማንም እንዲነግረኝ የማያስፈልግ ነገር ስለሆነ ይሆናል።

«ማታቱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ክፍል አለኝ» አልኳት። «ደግሞስ እርስዎ የነገሩኝን ነው እኮ የጻፍኩት።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች። በየገጹ ፈረመች። ፊርማዋ የትምህርት ቤት ልጅ ፊርማ ይመስላል፤ ሙሉ ስሟን ነው የምትጽፈው። «እግዜር የልብህን ይስጥህ» አለችኝ፣ ጥብስም አስቋጠረችኝ።

ከኢንተርቪው ከተመለሰች በሁለተኛው ቀን ነው ያየኋት። ጓሮው ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ ምንም ሥራ አልያዘችም። ሥራ ሳትይዝ አይቻት ስለማላውቅ ያመማት መሰለኝ።

«ቁጭ በል» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«አስተርጓሚው የእኛ ሰው ነው፤ ክራቫት ያሰረ። የምትጠይቀኝ ሴትዮ ገና ልጅ ናት፤ ሰላም ናት፤ ውሃ ሰጠችኝ። ባልሽ ሲወጣ ምን ሆነ አለችኝ። ወጣ አልኳት። ዞር ብሎ አይቶሻል ወይ አለችኝ። አላየኝም አልኳት። ወረቀቱን አየች። እንደገና ጠየቀችኝ። አላየኝም አልኳት። ዝናብ ነበር ወይ አለችኝ። ጥር ነው እኮ አልኳት፣ ጥር ምን ዝናብ አለ? እሳት ላይ ምን ነበር አለችኝ። ምንም። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እትዬ፣ እዚህ ላይ ዝናብ ይላል አለኝ። ማን ነው ያለው አልኩት። እርስዎ አለኝ።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ዞር አለ ብለህ ጻፍክ?»

«አዎ እትዬ።»

«ነግሬህ የለም?»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንዲያምር ብዬ።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። «እንዲያምር» አለች፤ እንደማታውቀው አገር ስም። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን ዞር አላለም እያልኩ ነው የምኖረው። ተቀይሞኝ ነው? ካየሁሽ እግሬ አይንቀሳቀስም ብሎ ነው? ልጁን እንዳያስቧት ብሎ ነው? ስተኛም ስነሳም። አንተ ቁጭ ብለህ አዞርከው።»

አስተማሪያችን ያላስተማረን አንድ ነገር ያልዞረው ሰው ከዞረው እንደሚበልጥ ነው። ያ ሁሉ ጥያቄ እኮ ታሪኩ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ አውጥቼ የጣልኩት፣ በቦታውም ዝናብ የተካሁበት።

«ማን ጻፈልሽ ብላኝ ነበር» አለች ቆይታ። «ራሴ ነኝ አልኳት።»

«ለምን እትዬ?»

«አንተን ቢይዙብኝስ? ተማሪ ነህ።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብዳቤው መጣ። አምጥታ ሰጠችኝ፤ ሌላ አንባቢ አልፈለገችም። በቃል የሰጠችው መግለጫና የጽሑፍ ቃሏ መሠረታዊ በሆኑ ነጥቦች ላይ ስለሚጋጩ ተዓማኒነት አላገኘም ይላል። ቃል በቃል ተረጎምኩላት። የሷን ጉዳይ በሚመለከት ምንም ሳልጨምርና ሳልቀንስ ያነበብኩት ያንን ብቻ ነው።

ይግባኝ ይቻል ነበር። ይግባኙን በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተማሪ ልታስጽፍ እንደወሰነች ነገረችኝ። እንግሊዝኛው ደካማ ነበር፤ ለዚያ ነው የመረጠችው መሰለኝ። ከእኔ የፈለገችው ሌላ ነው።

«አንድ ወረቀት ብቻ ጻፍልኝ። ዝናቡንም፣ ዞር አለንም፣ የጨመርኩት እኔ ነኝ በል። እሷ አላወቀችም በል። ስምህን፣ የተማሪ ቁጥርህን አድርግበት። ከይግባኙ ጋር አያይዘዋለሁ።»

«እሺ እትዬ» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ማታ አብሮኝ ለሚኖረው ለአገሬ ልጅ ነገርኩት። ካልሲውን እያወለቀ ሰማኝና ሳቀ።

«አብደሃል? የሐሰት ማስረጃ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ ብለህ ፈርመህ ልትሰጥ? ፓስህን ይነጥቁሃል። ታክሲ እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ኤርፖርቱ እዚህ ነው፣ በእግርህ ይሸኙሃል።»

«እሷ እኮ ምንም አላደረገችም።»

«እሷ ምንም አላደረገችም፤ አንተ ግን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነህ።»

ለመመረቅ ሦስት ወር ቀርቶኝ ነበር። ከሥራዎቼ ሁሉ ረጅም ጊዜ የፈጀብኝ ያ ደብዳቤ ነው፤ አራት መስመር። የትርጉም ሥራው በተካሄደበት ወቅት ጥቃቅን አለመግባባቶች ተፈጥረው ሊሆን እንደሚችል፣ ለዚህም ይቅርታ እንደሚጠየቅ ይገልጻል። ማን እንደተረጎመ አይልም። ዝናብ የሚል ቃል የለበትም። ዞር አለ የሚልም የለበትም። ከሥሩ ማንም የማያነበው ፊርማ አለ፤ የተማሪ ቁጥር የለም። አራት ዓመት የተማርኩት እንግሊዝኛ በሙሉ እነዚያ አራት መስመሮች ውስጥ ገብቷል፤ አንድም ስሕተት የለባቸውም።

ይዤላት ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ወንበሩን ሳበችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አንብብልኝ» አለች።

አነበብኩላት። ወረቀቱን ከፊቴ ይዤ፣ ዓይኔን መስመሮቹ ላይ እያንቀሳቀስኩ፣ በአማርኛ እንዲህ አልኳት፤ «የዚህችን ሴት ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዝናቡንና ሽንኩርቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቷ ዞር አላለም። እሷ ይህንን አታውቅም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ድምፄ ጥሩ ነበር። ኪሌሌሽዋ በረንዳ ላይ ካነበብኩት የተሻለ አነበብኩ።

እስክጨርስ በትኩረት ሰማችኝ። «ይሄ ነው» አለች። «አጭር ነው፤ ግን ይሄ ነው።» ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ተነስታ ምሳ አቀረበችልኝ። በላሁ።

ይግባኙ ውድቅ ሆነ። እሷ እውነቱን ተናግሬላት እንኳ እንዳላመኗት አድርጋ ነው የተቀበለችው። «አንተስ የምትችለውን አደረግክ፤ ራስህን አሳልፈህ ሰጠህ» አለችኝ። ልጅቷ እዚያው ቆማ ነበር፣ የትምህርት ቤት ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ። እናቷ ለምን እንደተከለከለች አታውቅም፤ ለእኔ ግን «ታንክ ዩ» አለችኝ። እኔም ምንም አይደለም አልኳት።

ተመርቄ ናይሮቢን ለቀቅኩ። ባልየው ዞር የሚልበት ታሪክ በአንድ መጽሔት ላይ ወጣልኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጥሎ በመጣው ሁሉ፣ በግብዣውም በሥራውም፣ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በየመድረኩ አንባቢዎች ያንን መስመር ያነሱብኛል። እንዴት እንዲህ ያለ ነገር መጣልህ ይሉኛል። ከራሴ መጣ እላለሁ። ለአንድ ጊዜ እውነቴን ነው።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ናይሮቢ ሄጄ ሁርሊንግሃም ፈለግኳት። ምግብ ቤቱ ሌላ ሆኗል፤ ጓሮው ላይ ፎቅ ቆሟል። አንዱ ካምፓላ ሄደች አለኝ። አንዱ ልጅቷ አግብታ እናቷን ወሰደቻት አለኝ፤ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። ሌላው ደግሞ ስለ ማን እንደማወራ አላስታወሰም። አጥብቄ ፈልጌያታለሁ ብል እዋሻለሁ። አንድ ከሰዓት ፈለግኳት፤ ማታ አውሮፕላን ነበረኝ።

እስካሁን ስለ እሷ የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ እሷ በማታነበው። ይህን በአማርኛ ጻፍኩት። ስሟን አልጻፍኩም፤ የምታውቋት ያለ ስሟም ታውቋታላችሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁርሊንግሃም እጇ ያበሰለውን የበላችሁ፣ የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ፣ ፈልጋችሁ ይህን ንገሯት፤ ያ ያነበብኩላት ወረቀት ላይ ያነበብኩላት ነገር አልነበረም። ራሴን አሳልፌ አልሰጠሁም። ሳያምኗት የቀሩት እውነቱን ሰምተው አይደለም፤ እውነቱን የነገራቸው ስላልነበረ ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡላት፣ አንድም ቃል ሳትጨምሩ፤ ስትጨርሱም ልክ መሆኑን ጠይቋት።